የዱር ጥሪና ፈራጆቹ

ለብዙ ሰው የቀረበ አንድ መጽሐፍ እንደ ግብር ገበታ ነው። ሁሉም ከአንድ ወጥ ይጐርሳል፤ ነገር ግን አንዱ ጣፈጠኝ ሲል ሁለተኛው ጨው በዛበት፥ ሦስተኛውም ገና አልበሰለም ይላል። ስለዚህ የመጽሐፍን ነገር መመርመር የሚወድ ሰው ደራሲው የጻፈውን ብቻ ሳይሆን አንባቢዎቹ የፈረዱትንም ቢያውቅ መልካም ነው፤ ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ የፈራጁን ልብ ይገልጣልና።

እንዲህ ያለ ክርክር ካስነሡት መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊው ጃክ ለንደን በ1903 ዓ.ም. ያሳተመው «የዱር ጥሪ» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠራውም ዘመን ሁሉ እንደዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። መጽሐፉ ሰባት ምዕራፍ ብቻ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ያስነሣው ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም። ይኸውም ስለ እንስሳ የሚጻፍ ነገር እውነት የሚሆነው በምን ልክ ነው? አውሬን እንደ ሰው አድርጎ መናገር ተረት ነው ወይስ ሐሰት? የሚሉት ናቸው።

ይህን መጽሐፍ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ለክርክሩ እንግዳ አይደለም። ከጦሳ ተራራ ሥር በተቀመጠችው በደሴ ሌሊት የጅብ ድምፅ ሲሰማ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በአንድነት ይጮኻል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ ለደረሰ መንገደኛም ከመጋዘን አጥር ሥር ተኝቶ የሚጠብቅ ውሻ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ከደሴ በስተ ምዕራብ በቦረና ሳይንት ከፍተኛ ደጋ ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የተኵላ ዘመድ ይኖራል። እንግዲህ የወሎ አንባቢ ስለ ውሻና ስለ አውሬ የተጻፈውን ሲያነብ፥ ካየውና ከሰማው ጋራ ያመዛዝነዋል እንጂ ዝም ብሎ አይቀበለውም።

የታሪኩ አካሄድ እንዲህ ነው። ባክ የሚባል ትልቅ ውሻ በካሊፎርኒያ፥ በሳንታ ክላራ ሸለቆ፥ በአንድ ዳኛ ርስት ላይ ተቀማጥሎ ይኖራል። ክብደቱ 140 ፓውንድ፥ ማለት ከ63 ኪሎ በላይ ነው። በሰሜን በክሎንዳይክ በ1896 ወርቅ ተገኝቶ በሚቀጥለው ዓመት ሕዝብ ሁሉ ወደዚያ ሲጐርፍ፥ በበረዶ ላይ ጋሪ የሚጐትት ጠንካራ ውሻ ተፈላጊ ሆነ። ከርስቱ የአትክልት ሠራተኞች አንዱ፥ ቁማር የለመደ ሰው፥ ባክን ሰርቆ ይሸጠዋል። ቀይ ሹራብ የለበሰ አንድ ሰው በዱላ ደብድቦ ለሰው መገዛትን ያስተምረዋል። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ደብዳቤ ለሚያመላልሱ ሰዎች ጋሪ ይጐትታል፤ ስፒትዝ የተባለውን የውሾች አለቃ ተዋግቶ ድል ይነሣና በስፍራው ይተካል። ቀጥሎም የአገሩን ጠባይ በማያውቁ በሦስት መንገደኞች እጅ ወድቆ በረኃብና በድብደባ ሊሞት ሲደርስ፥ ጆን ቶርንተን የሚባል ደግ ሰው ያድነዋል። ባክም ያን ሰው ይወደዋል። በመጨረሻ ግን ቶርንተንን ዪሃት የተባሉ ሰዎች ይገድሉታል፤ ውሻውም የጌታውን ደም ተበቅሎ፥ ከተኵሎች ጋራ ተቀላቅሎ፥ አለቃቸው ሆኖ በዱር ይቀራል።

ጸሐፊው ይህን ከመጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ብቻ አላወጣውም። በ1876 በሳን ፍራንሲስኮ በድህነት ተወለደ፤ በልጅነቱ ምግብ በቆርቆሮ በሚታሸግበት ፋብሪካ ሠራ፤ በ1894 ሥራ ፈትቶ ሲዞር ተይዞ ሠላሳ ቀን ታሰረ፤ በ1897 ወርቅ ፍለጋ ወደ ክሎንዳይክ ሄዶ ክረምቱን በዚያ አሳለፈ። በምግብ እጦት ድዱ ታምሞ፥ ወርቅ ሳይዝ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ያየውንና የሰማውን ነበር፤ ባክንም የሣለው በዚያ አገር ሳለ ከሚያውቀው የወዳጆቹ ውሻ አንሥቶ ነው። ለመጽሐፉ መብት ማክሚላን የተባለው አሳታሚ 2,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ከፈለው። የመጀመሪያው 10,000 ቅጂ ወዲያው ተሸጦ አለቀ፤ ጸሐፊው ግን መብቱን ሸጦት ነበርና ከዚያ በኋላ ከተገኘው ብዙ ትርፍ አልተካፈለም።

ከመጽሐፉ ጋራ ክርክሩም መጣ። በዚያው በ1903 በመጋቢት ወር ጆን ቡሮውዝ የተባለ የታወቀ የተፈጥሮ ጸሐፊ፥ ስለ እንስሳ ልብ ወለድ እየጻፉ እውነተኛ ታሪክ ነው የሚሉትን ደራስያን አጥብቆ ነቅፎ ነበር። ከተነቀፉት አንዱ ዊልያም ሎንግ የሚባል ሰባኪ ነው፤ ይህ ሰው አንዲት ወፍ የተሰበረ እግሯን እንደ ወጌሻ በጭቃ ጠግና አየሁ ብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል። በ1907 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሱ ወደ ክርክሩ ገባ። ጃክ ለንደን በ1906 ባሳተመው «ነጭ ክራንቻ» በተባለው ሌላ መጽሐፉ ውስጥ፥ ከተኵላ የተወለደ ውሻ ቡልዶግ ከሚባል አጭር ውሻ ጋራ ተዋግቶ ሊሞት ሲደርስ ይነበባል። ሩዝቬልት አዳኝ ነበርና ይህ ከቶ ሊሆን አይችልም፥ ጸሐፊው የተኵላን ውጊያ አያውቅም ብሎ ፈረደ።

ጃክ ለንደን በ1908 በጋዜጣ መልስ ሰጠ። ያ ዓመት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ በሮማ ያሳተመበት ዓመት ነው። የመልሱ ፍሬ ነገር ሁለት ነበር። መጀመሪያ፥ መጽሐፎቼን የጻፍሁት ሌሎች ደራስያን እንስሳን ሰው አድርገው መናገራቸውን በመቃወም ነው፤ ውሻዬ አስቦ ሳይሆን በጠባዩ ተመርቶ እንደሚሠራ በየቦታው ገልጫለሁ ይላል። ሁለተኛ፥ እንስሳ እንደ ሰው ባይሆንም እንኳ በልኩ ማሰብ ይችላል፤ ይህን የሚክድ ሰው በራሱ ትዕቢት ታውሯል ይላል። ስለ ቡልዶጉ ግን የአንዱ ሰው አስተያየት በሌላው ሰው አስተያየት ላይ መቆሙ ነው ብሎ አለፈው።

ከሁለቱ ማን እውነት ተናገረ? ቢመረመር ለሁለቱም ድርሻ አላቸው። ሩዝቬልት እውነት አለው፤ ይህ በእውነት የሆነ ነው ብሎ የሚያቀርብ ጸሐፊ በሆነው ነገር ሊመዘን ይገባዋልና። ነገር ግን የመጽሐፍ ሚዛን የአንድ ውጊያ ውጤት ብቻ ከሆነ፥ ከመጽሐፉ የሚበልጠው ክፍል ሳይመዘን ይቀራል። የአዳኝ ዕውቀትም ወሰን አለው፤ አውሬውን አብዝቶ የሚያየው ሲሸሽ ወይም ሲሞት ነውና። ጃክ ለንደን ደግሞ ውሻዬን ሰው አላደረግሁትም ማለቱ በአብዛኛው እውነት፥ በጥቂቱ ግን ስሕተት ነው።

እውነት የሚሆነው በነዚህ ቦታዎች ነው። ባክ በመጀመሪያዋ የብርድ ሌሊት የሚያድርበትን አጥቶ ከድንኳን ሲባረር ይንከራተታል፤ ከዚያም ከጓደኞቹ አንዱ በበረዶ ውስጥ ጕድጓድ ቆፍሮ ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኘዋል፤ እርሱም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ውስጥ ንግግር የለም፥ ምክርም የለም፤ ማየትና ማድረግ ብቻ ነው። እንዲሁም ዴቭ የሚባለው ውሻ በጽኑ ታምሞ ከጋሪው ሲፈታ፥ ቦታውን ለሌላ መልቀቅ እምቢ ብሎ በበረዶው ውስጥ እየወደቀና እየተነሣ ጋሪውን ይከተላል፤ በመጨረሻም ነጂዎቹ አዝነውለት በቦታው ያስሩታል። ጸሐፊው ስለ ዴቭ አሳብ ብዙ አይነግርም፤ ይልቁንም የሠራውን ይነግራል። አንባቢው ግን ያዝናል። ዕድሜውን በአንድ ሥራ ላይ ያሳለፈ ሽማግሌ ከሥራው ሲወገድ ያየ ሰው ይህን ገጽ በቀላሉ አያልፈውም።

ስሕተት የሚሆነው ግን ባክ በእሳት ዳር ተኝቶ ሳለ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ጠጕራም ሰው በሕልሙ እንደሚያይ በሚነገርበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ውሻው ውሻ መሆኑ ይቀርና የጸሐፊው የዘመኑ ፍልስፍና ተሸካሚ ይሆናል። ያን ጊዜ ስለ ዘር ትዝታና ስለ ኀይለኛ ማሸነፍ የሚነገረው ትምህርት በአሜሪካና በአውሮፓ ገኖ ነበርና፥ ጸሐፊው ያነበበውን በውሻው ራስ ላይ ጫነው።

ይህን ለመመዘን የኢትዮጵያ አንባቢ ከውጭ አገር የተዋሰው ሚዛን አያስፈልገውም፤ ስለ እንስሳ የመጻፍ ሥርዓት በአገሩ ጥንታዊ ነውና። በግሪክ ቋንቋ ተጽፎ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የዚህ ምስክር ነው፤ ይህንም ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትዝ ሆሜል በ1877 በላይፕሲግ አሳትሞታል። በዚያ መጽሐፍ አንበሳ ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል፤ ዐይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ደቦሉም ሞቶ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን በአባቱ እስትንፋስ ይነሣል። ይህን የጻፈው ሰው አንበሳ ስትወልድ ቆሜ አየሁ ለማለት አልጻፈውም፤ አውሬውን የሰማያዊ ነገር ምልክት አድርጎ ነው። ቡሮውዝና ሩዝቬልት ይህን መጽሐፍ ቢያገኙት ሐሰት ነው ባሉት ነበር፤ ፍርዳቸው ግን ከመጽሐፉ ዓላማ ውጭ በወደቀ ነበር።

ሁለተኛው ሥርዓት ተረት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል፥ ጅብ ቁርበት ይለምናል ብሎ የሚያምን ሕፃን እንኳ የለም። ጅቡ በሰው ፈንታ የቆመ ነው፤ የሚሳቅበትም በአገሩ የታወቀ፥ በሰው አገር የሚኰራ ሰው ነው። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በትምህርት ቤት ያሳደጋቸው ሰዎች ሁሉ ይህን ዐይነት ያውቁታል። እንግዲህ በፊሳልጎስ አውሬው ምልክት ነው፥ በተረት አውሬው ጭምብል ያደረገ ሰው ነው፤ ጃክ ለንደን የሞከረው ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አውሬው ራሱን ሆኖ እንዲታይ ማድረግ ነው። ይህ ከሦስቱ ሁሉ የከበደ ነው፤ ጸሐፊው ውሻ ሆኖ አያውቅምና።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስቀድሞ ንባቡ ይጠናል፥ ትርጓሜው ከዚያ ይከተላል። ንባቡን ያልያዘ ሰው አንድም እያለ ሊተረጕም አይፈቀድለትም። የ«ዱር ጥሪ» አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የተሳሳቱት ይህን ሥርዓት በመሳት ነው። ሩዝቬልት በንባቡ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሌሎች ደግሞ ንባቡን ዘለው ወደ ትርጓሜ ሮጡ። አንዳንዶቹ ባክ ማለት ደራሲው ራሱ ነው፥ ከድህነትና ከወኅኒ ወጥቶ በጕልበቱ አለቃ የሆነው እርሱ ነው አሉ። አንዳንዶቹ ባክ ማለት በጌታ ዱላ ሥር የሚጐትት ሠራተኛ ነው አሉ፤ ጃክ ለንደን ሶሻሊስት ነበርና ይህ ያለ ምክንያት አልተባለም። ሌሎችም ደካማን ረግጦ መግዛት የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን የሚያስተምር ነው ብለው አመሰገኑት ወይም ረገሙት።

የዚህ ጸሐፊ ዕድል በአንባቢዎቹ መካከል ምን ያህል እንደ ተለያየ ሁለት ነገሮች ያሳያሉ። በ1924 ሌኒን ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት ሚስቱ ክሩፕስካያ «የሕይወት ፍቅር» የተባለውን የጃክ ለንደንን አጭር ታሪክ አንብባለት ነበር፤ በርሱም በረሃብ የደከመ ሰውና በረሃብ የደከመ ተኵላ አንዱ የአንዱን ሞት እየጠበቀ በምድረ በዳ ይጓዛሉ። ሌኒን እጅግ ወደደው፤ በማግሥቱ የተነበበለት የዚያው ጸሐፊ ሌላ ታሪክ ግን አሳቀው። በ1933 ደግሞ በጀርመን አገር መጻሕፍት በአደባባይ ሲቃጠሉ የጃክ ለንደን ሥራዎችም በእሳቱ ውስጥ ነበሩ። ሰውዬው ግን በ1916 በአርባ ዓመቱ ሞቶ ስለ ነበር ምስጋናውንም እሳቱንም አላየም።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ከፍርዱ በፊት የሚመጣ የቃል ችግር አለ። ባክን የጠሩት አራዊት በአማርኛ ተኵላ ይባላሉ። ብዙው የኢትዮጵያ ሰው ግን ተኵላን የሚያውቀው በዐይኑ አይደለም፤ የበግ ለምድ ለብሶ የሚመጣ ነጣቂ መሆኑን በስብከት ሰምቶ ነው። በዐይኑ የሚያውቀው ጅብንና ቀበሮን ነው። የቋንቋውም ታሪክ ይህን ይመሰክራል፤ በዕብራይስጥና በዐረብኛ ተኵላ ማለት የሆነውን ጥንታዊ ቃል ግእዝ ተቀብሎ «ዝእብ» በማለት ለጅብ ሰጠው፤ የአማርኛው ጅብም ከዚሁ የወጣ ነው። በደሴ ግእዝ የተማረ ደብተራና ዐረብኛ የተማረ ሼኽ ጐን ለጐን ተቀምጠው ቃሉን ቢመረምሩ፥ በአንድ ቃል ሁለት አውሬ ያገኙበታል። ስለዚህ «ተኵላ» የሚለው ቃል በትርጕም ሲገባ፥ ባክ ወደ ወንድሞቹ ሳይሆን ወደ ሐሰተኞች ነቢያት ማኅበር የሄደ ይመስላል። ጸሐፊው ግን የተኵላውን መንጋ የሣለው እንደ ነጻ ሕዝብ አድርጎ ነው።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፥ እውነተኛው ተኵላ በኢትዮጵያ ሳለ ስሙን ተነጥቆ መኖሩ ነው። በስሜን፥ በባሌ፥ በአርሲ፥ በመንዝ ጓሳ፥ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ደጋዎች የሚኖረውን አውሬ ሕዝቡ ቀይ ቀበሮ ይለዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ19ኛው መቶ ዓመት በስሜን አግኝቶ ለዓለም አሳወቀው። የደሙ ምርመራ ግን ከቀበሮ ይልቅ ለሰሜኑ ተኵላ የቀረበ መሆኑን አሳይቷል። ጥንትም ቀበሮ ሲባል የኖረው ሌላው አውሬ በ2015 በወጣ የዘር ምርመራ የተኵላ ወገን ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የወሎ ሰው ተኵላ በአገሬ የለም ሲል፥ ተኵላው በሌላ ስም በደጋው ላይ ይመላለሳል።

ቀይ ቀበሮ የጃክ ለንደንን መጽሐፍ ሊፈትን የሚችል ምስክር ነው። በመንጋ ይኖራል፥ አደኑን ግን ብዙውን ጊዜ ለብቻው ያደርጋል፤ ምግቡም ከሞላ ጐደል አይጥና ፍልፈል ነው። አንዳንድ ጊዜ ግልገል ነጠቀ ተብሎ ቢከሰስም በጕን ላይ የሚያደርሰው ጕዳት እጅግ ጥቂት ነው። ቍጥሩ በዓለም ሁሉ ከ500 አይበልጥም። የሚያጠፋው ደግሞ የባክ ወገን፥ ማለት ውሻ ነው። ውሻ ከእረኛው ጋራ ወደ ደጋው ሲወጣ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ይወጣል፤ በባሌ ተራሮች በ1991 እና በ1992፥ እንደ ገናም በ2003 በሽታው ገብቶ፥ በደረሰባቸው ቦታዎች የነበሩትን አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች ፈጀ። ከዚህም በላይ በባሌ በወብ ሸለቆ ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋራ ተዳቅሎ ተገኝቷል።

በዚህ ላይ የ«ዱር ጥሪ» መጨረሻ እንደ ገና ሊነበብ ይገባዋል። ጸሐፊው ባክ ከተኵሎች ጋራ ከተቀላቀለ ጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በአገሩ ተኵሎች ላይ ለውጥ እንደ ታየ፥ በራሳቸውና በአፋቸው ላይ ቡናማ ምልክት፥ በደረታቸውም ላይ ነጭ መስመር ያላቸው እንደ ተወለዱ ይናገራል። ይህንም ለባክ ክብር አድርጎ ያቀርበዋል፤ ከሰው ቤት የወጣው ውሻ የዱር አባት ሆነ ማለቱ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ይኸው ነገር ክብር አይሆንም፤ የአንድ ጥንታዊ ዘር መጥፊያ ነው። ጃክ ለንደን ስለ ሰሜኑ ሰፊ ዱር ጻፈ እንጂ ስለ ጠበበው የወሎ ደጋ አልጻፈምና በዚህ አይወቀስም። ነገር ግን የውሻ ወደ ዱር መመለስ ለዱር ሁልጊዜ በረከት ነው ብሎ መጽሐፉን የዘጋ አንባቢ ካለ፥ ቦረና ሳይንት ድረስ ወጥቶ ቢያይ አሳቡን ይለውጣል።

ከዚህ የሚከብደው ነቀፌታ ግን ስለ ሰዎቹ ነው። ቶርንተንን የገደሉት ዪሃት የተባሉት ሰዎች በጸሐፊው የተፈጠሩ ናቸው፤ እንዲህ የሚባል ሕዝብ በዚያ አገር የለም። በመጽሐፉ ውስጥ አንዳቸውም ስም የላቸውም፥ አንዳቸውም አይናገሩም፥ ለምን እንደ ገደሉም አይነገርም። ውሻው ልብ፥ ትዝታና ኀዘን ሲሰጠው፥ እነዚህ ሰዎች ግን አንድም አልተሰጣቸውም። ባክ ሲገድላቸው አንባቢው እንዲደሰት ተዘጋጅቷል። በገዛ አገሩ የሌላ ሰው ወርቅ ፈላጊ ሲገባበት ያየ ሕዝብ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። በአሜሪካ ብዙ አንባቢዎች ይህን ለረጅም ዘመን አላስተዋሉትም፤ ቶርንተንን ወዳጃቸው አድርገው ያነብቡ ነበርና። የውጭ ሰው ጦር ይዞ ወደ አገሩ የመጣበትን ዘመን ከአባቶቹ የሰማ የኢትዮጵያ አንባቢ ግን በዚያ ገጽ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ መጽሐፉ ለምን ይነበባል? መልሱ መጽሐፉ ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ የሚያሳየው የበለጠ ስለ ሆነ ነው። ጸሐፊው የዓለም ሕግ የዱላና የክራንቻ ሕግ ነው፥ ሌላው ሁሉ የቤት ልማድ ነው ይላል። ነገር ግን በታሪኩ መካከል ራሱን የሚቃወም አንድ ታላቅ ምዕራፍ ጽፏል። ቶርንተን ባክ አንድ ሺህ ፓውንድ፥ ማለት 450 ኪሎ ያህል የተጫነ ጋሪ ከበረዶ አላቅቆ አንድ መቶ ያርድ ይጐትታል ብሎ ይወራረዳል። ሰዓቱ ሲደርስ ዱላ አያነሣም፥ አለንጋም አያጮኽም፤ በውሻው አጠገብ ተንበርክኮ በጆሮው ጥቂት ቃል ይነግረዋል። ባክም ይጐትተዋል፤ ጌታውም 1,600 ዶላር ያገኛል። ቀይ ሹራብ የለበሰው ሰው በዱላው ያስተማረው ትምህርት ይህን ጋሪ ሊያስነቃንቀው አይችልም ነበር። እንግዲህ ደራሲው በቃሉ የኀይልን ሕግ ቢሰብክ፥ በሥራው ግን ፍቅር ከዱላ እንደሚበልጥ መሰከረ።

በኢትዮጵያ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይህ ምሳሌ የውሻን ታማኝነት በእንጀራ ይለካል፤ ብዙ ጊዜም ለውለታ ቢስ ሰው ተግሣጽ ሆኖ ይነገራል። ነገር ግን ከእንጀራ ያለፈ ታማኝነትም በጥንታውያን መጻሕፍት ይታወቃል። በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያ ውሻ ከጌታው ጋራ ሩቅ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፤ ማንም አልላከውም፥ ማንም አላዘዘውም። በእስላሞችም ዘንድ ከዋሻው ሰዎች ጋራ በደጅ ተኝቶ የጠበቀው ውሻ ይታሰባል። ሁለቱም ውሾች አይናገሩም፥ የሚያስቡትም አይነገርም፤ መከተላቸውና መጠበቃቸው ብቻ ይታያል። ጃክ ለንደን በምርጥ ገጾቹ የደረሰበት ጥበብ ይኸው ነው፤ ስቶ የወጣውም ከዚህ በላይ ሊናገር በፈለገ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ላይ ሦስቱም ፈራጆች፥ ሐሰት ነው ያለው አዳኝ፥ ምሳሌ ነው ያለው ፖለቲከኛ፥ እውነት ነው ያለው ደራሲ፥ እያንዳንዳቸው ከፊሉን ይዘዋል። አስተዋይ አንባቢ ግን ንባቡን አስቀድሞ፥ ውሻው የሠራውን ከተነገረለት ለይቶ፥ ስም ያልተሰጣቸውን ሰዎች አስታውሶ ቢያነብ፥ ከሦስቱ ይልቅ ይጠቀማል። ለወጣቶችም ሊሰጥ የሚገባ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን የዱላው ምዕራፍ ከተነበበ የጋሪው ምዕራፍ ሳይነበብ አይቅር።

ንባቡም ከመጽሐፉ ጋራ አብሮ ባይዘጋ መልካም ነው። በሩቅ አገር በረዶ ላይ ለሞተው ለዴቭ ያዘነ ሰው፥ በደጁ ለሚያድረው ውሻ የሚያደርግለት ቀላል ነገር አለ፤ ይኸውም በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብና፥ ዘመዱ በደጋ የሚኖር ከሆነ ውሻውን ይዞ ወደ ቀይ ቀበሮ ማደሪያ እንዳይወጣ መምከር ነው። በዚህም የቤቱ ልጆች፥ ውሻውና በቦረና ሳይንት ደጋ ላይ ያለው ስሙን የተነጠቀ ተኵላ ሦስቱም ይጠበቃሉ።